አስራ አንድ ዓመት ከአንድ ደራሲ ጋር

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስምንት ሰው ፊት እንዴት እንደተዋረድኩ ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ከራሴ ስሙት። ሮማን ቀድማኝ ፖስት ሳታደርገው!

ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ከሃቫና ስትሪት እቤት እስክደርስ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ቀይ መብራት ላይ ከጎኔ የቆመው ሰውዬ አየኝና መስኮቱን ዘጋ።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

እኔ አንባቢ ነኝ። ቢያንስ እስከ ዛሬ ሰባት ሰዓት ድረስ ነበርኩ።

ችግሩ የማነበው አንድ ደራሲ ብቻ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ በበቂ ሁኔታ ስሙ ተነስቷል። እጄ ላይ ስድስት ልብ ወለዶች አሉኝ። ስድስተኛውን ስጨርስ ወደ አንደኛው እመለሳለሁ። አስራ አንድ ዓመት!

ሰው "ሌላ ደራሲ ሞክሪ እስኪ" ሲለኝ ምን እንደምል ታውቃላችሁ? "እሱን ካነበብኩ በኋላ ሌላው አይጥመኝም።" ይህንን ስል ደግሞ አገጬን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። አዎ፣ ያቺ የማትወዷት ሴትዮ እኔ ነኝ።

አንድ የንባብ ቡድን አለን። ዘጠኝ ነን። በወር አንድ ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ካለች ምግብ ቤት የኋላ ክፍል እንገናኛለን። ተራ የደረሰው ሰው አንድ መጽሐፍ ያቀርባል፣ ሌላው ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይበላል።

የኔ ተራ በደረሰ ቁጥር ማንን እንደማቀርብ ገምታችኋል።

አራት ጊዜ! ሦስተኛው ላይ ሰዎች ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። አራተኛው ላይ እኔ እያወራሁ ምግብ አዘዙ።

የቡድኑ ሰብሳቢ ሮማን ናት። ዴንቨር መሀል አንድ ሆቴል ውስጥ ሱፐርቫይዘር ናት፤ አንሶላ በትክክል መነጠፉን እንደምታየው ሁሉ እኛንም ታየናለች። ባለፈው ከስብሰባ በኋላ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"ቲጂ፣ ይሄ የንባብ ቡድን እንጂ የሰውዬሽ ተዝካር አይደለም። በሚቀጥለው ተራሽ ሌላ ደራሲ ካላመጣሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ሁለት ሰው ወረፋ ይዟል።"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ያቺ ቅዳሜ ለእኔ ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ደም እቀዳለሁ። ሰው እኔን ሲያይ ክንዱን ይደብቃል፣ ፊቱን ያዞራል። እቤት ስገባ እናት ነኝ፣ ሾፌር ነኝ፣ ልብስ አጣቢ ነኝ። በወር አንዴ ግን ሰው "ቲጂ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብሎ ይጠይቀኛል፣ ቁጭ ብሎም መልሴን ይሰማል። ይህንን ማጣት አልፈለግኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር።

እና ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ኦዲዮ ቡክ ዳውንሎድ አደረግኩ። ተራኪው ድምፁ ቁርጥ የዜና አንባቢ! ሀይዌይ ላይ ትራፊክ ይዞኝ ጀግናው ለፍቅረኛው ልቡን ሲገልጽላት የሚኒስቴር መግለጫ እየሰማሁ መሰለኝ። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለኝ ከሀይዌዩ የምወጣበትን ኤግዚት አለፍኩት። ዞሬ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ያንን መጽሐፍም እዚያው መንገድ ላይ ተውኩት።

ቀጥሎ ሃቫና ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ከሽሮው ጎን አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ አላቸው። ባለሱቋን "የቱ ጥሩ ነው?" አልኳት። ሁሉንም አየት አደረገችና "ወፍራሙን ነው ሰው የሚወስደው" አለችኝ።

ወፍራሙን ወሰድኩ።

ገጽ አንድ ላይ ሰውዬው መስኮት አጠገብ ቆሞ ያስባል። ገጽ አስር ላይም መስኮቱ አጠገብ ነው። የኔም ደራሲ ሰው መስኮት ላይ ማቆም ይወዳል፣ አልዋሽም። የሱን ግን ለምጄዋለሁ። መጽሐፉን ዘጋሁትና ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ጊዜው እየደረሰ ነው። ሮማን በግሩፑ ላይ "ተራ፦ ቲጂ" ብላ ለጥፋለች፣ ከጎኑ የሰዓት ምልክት አድርጋበታለች። ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል?

መጨረሻ ላይ ወደ ጋሽ ሃብቶም ሄድኩ።

ጋሽ ሃብቶም የቡድናችን ትልቅ ሰው ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፣ ከኛ ከአዲስ አበባ ልጆች ይልቅ አሳምረው ይጽፉታል። ዕድሜያቸውን ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ትራንኩ ውስጥ፣ ትርፍ ጎማ የለም፤ ያለው መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን ጎማ ቢፈነዳባቸው ቁጭ ብለው ያነባሉ እንጂ ሌላ የሚያደርጉት ነገር የለም።

መጽሐፎቻቸውን ደግሞ ሁሉንም ይለብዷቸዋል። ልጅ ሆነን ደብተር እንደምንለብደው፣ በግሮሰሪ ቡናማ ወረቀት፣ ጥግ ጥጉን አጥፈው። ከላዩ ምንም አይጽፉበትም። "የከፈተው ያውቀዋል" ይላሉ።

ፓርኪንግ ላይ አገኘኋቸውና "ጋሽ ሃብቶም፣ ተራዬ ደርሷል፣ እባክዎ አንድ መጽሐፍ ያበድሩኝ" አልኳቸው። ትራንኩን ከፍተው ብዙ አገላበጡ። ከስር አንድ ስስ መጽሐፍ አወጡና ፈገግ ብለው ሰጡኝ።

"ይቺን መቼም ታውቂያታለሽ" አሉኝ።

እዚህ ጋ የሠራሁትን ሥራ እዩልኝ።

"እንዴ ጋሽ ሃብቶም! ይቺንማ ድሮ ነው ያነበብኳት!" አልኩ።

ሳልከፍታት! ቡናማ ወረቀት ይዤ!

እስኪ አትፍረዱብኝ። ትልቅ ሰው በፈገግታ "ታውቂያታለሽ" ሲላችሁ ፊት ለፊት "አላውቃትም" ትላላችሁ? ትላላችሁ? በሉ ተዉኝ።

እቤት ስገባ ከፈትኳት። የመጀመሪያዎቹ አራት ቅጠሎች የሉም። ርዕስ የለም፣ የደራሲ ስም የለም፣ ማተሚያ ቤት የለም። ወረቀቱን ፈትቼ ሽፋኑን ልይ አልኩ፤ ሽፋኑ ድሮ ወልቆ ጋሽ ሃብቶም በኮርንፍሌክስ ካርቶን ተክተውታል። ታሪኩ ገጽ ዘጠኝ ላይ "ብላ ስልኩን ዘጋችው" ብሎ ይጀምራል። ማን እንደዘጋችው፣ ማን ላይ እንደዘጋችው አይታወቅም።

ልጄ ሶልያና አስራ ሦስት ዓመቷ ነው። ስጨነቅ አየችኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"ማም፣ ጀስት ቴክስት ሂም" አለች፤ መልእክት ላኪላቸው ነው የምትለኝ።

ቴክስት አድርጌ ምን ልበል? "ጋሽ ሃብቶም፣ ያ ድሮ ያነበብኩት መጽሐፍ የማን ነበር?" ልበል?

"ሶ ዩ ላይድ?" አለችኝ፤ ዋሽተሻላ ማለቷ ነው።

ሂሳብሽን ሥሪ አልኳት።

የባለታሪኳን ስም ጎግል አደረግኩ። ስሟ ደብሪቱ ነው። ፌስቡክ ላይ ብዙ ደብሪቱዎች መጡ። እጄ ስቶ ለአንዷ የጓደኝነት ጥያቄ ላክሁላት፤ ተቀበለችኝ፣ አሁን በየጠዋቱ የአበባ ፎቶ ትልክልኛለች። ስለ ደራሲው ግን ምንም የለም።

ምርጫ ስላልነበረኝ ማንበብ ጀመርኩ።

ወገኖቼ!

ደብሪቱ የአንዲት ትንሽ ከተማ የስልክ ኦፕሬተር ናት። የከተማው ሰው በሙሉ የሚደዋወለው በሷ በኩል ነው፣ እሷም ሁሉንም ትሰማለች። ዳኛው ማንን እንደሚፈራ ታውቃለች። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በስልክ ለማን ግጥም እንደሚያነብ ታውቃለች። አንድ ቀን የማታውቃት ሴት ትደውልና የደብሪቱን የራሷን ባል አገናኚኝ ትላታለች። ደብሪቱም በትሕትና "ይጠብቁ" ብላ መስመሩን ታገናኛለች! ከዚያ በኋላ የምታደርገውን አልነግራችሁም።

ሥራ ቦታ የእረፍት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አንድ ዶክተር በሩን ከፍቶ አየኝና ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ምሳዬን ሁለት ቀን ረሳሁት። የሚመጣውን አላውቅም ነበር እኮ! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀጥሎ ማን እንደሚሞት እያወቅኩ ነው ያነበብኩት። ገጽ ለመገልበጥ መቸኮል ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የጨረስኳት።

ዛሬ እንግዲህ ቀኑ ደረሰ።

ሁለት ገጽ ማስታወሻ ጽፌ ሄድኩ። ስደርስ ጋሽ ሃብቶም የሉም። ዘመድ አየር ማረፊያ ሊያደርሱ ሄደዋል፣ ዘግይተው ይመጣሉ ተባለ። በልቤ ተመስገን አልኩ።

ጀመርኩ። ስለ ደብሪቱ አወራሁ፣ ስለ ዳኛው አወራሁ፣ ሰው ሳቀ። ስልኩን ያየ አንድ ሰው የለም! የመጣውን ሜኑ እንኳን ማንም አልነካውም።

ከዚያ ሮማን እስክሪብቶዋን አነሳች። "ደራሲው ማነው?"

"አላውቅም" ማለት አንድ ቃል ነው። አፌ ግን እንቢ አለኝ።

"ብዙም የሚታወቅ ሰው አይደለም" አልኩ። "ራሱን ይደብቃል።"

"ሥራው ምን ነበር?"

"አስተማሪ።"

"የት?"

"ብዙ ቦታ።"

ሮማን "አስተማሪ፣ ብዙ ቦታ" ብላ ጻፈች። እኔ እያየኋት ጻፈች!

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ጋሽ ሃብቶም ገቡ። ሁላችንም ብድግ አልን። "ኧረ በፈጠራችሁ፣ ተቀመጡ!" አሉና በሩ አጠገብ ተቀመጡ። "ቀጥዪ ልጄ፣ ቀጥዪ።"

እዚህ ላይ ብጨርስ ምን ነበረበት? ግን ሞቆኛል። ሰው ሰምቶኛል። እና ከአፌ የወጣውን ቃል በቃል እጽፍላችኋለሁ፣ ሮማን መዝግባዋለችና መካድ አልችልም።

"እኔ እስከ ዛሬ ተሸውጄ ነበር! የኔ ደራሲ ሴት ካመጣ ወይ ታለቅሳለች ወይ ገጽ ሁለት መቶ ላይ ትሞታለች። ቀልድ የሚባል ነገር አያውቅም። ይሄኛው ግን ሴት ምን እንደምታስብ ያውቃል! የኔው ሰውዬ መቶ ዓመት ቢጽፍ አንዲት ደብሪቱን አይጽፋትም!"

ተጨበጨበልኝ። ሮማን እንኳን አጨበጨበች።

ጋሽ ሃብቶም እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ ትዕግስት፣ እየቀለድሽ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት" አሉ።

"በምኑ ጋሽ ሃብቶም?"

"ይሄ እኮ የሱ ነው።"

"የማን?"

"የሰውዬሽ። የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው። ያኔ ገና ወጣት ነበር። አንዴ ታትሞ ቀረ።"



የመጀመሪያ መጽሐፍ እንዳለው አውቃለሁ እኮ! አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሁሉ "አደራ ፈልጉልኝ" ስል ነው የኖርኩት። ሰው ከአገር ቤት ሲመለስ ሻንጣው እስኪከፈት ቆሜ ጠብቄያለሁ። ለካ እዚሁ አውሮራ፣ ትራንክ ውስጥ፣ ከመጽሐፍ ክምር ስር ነበር! ይባስ ብሎ እዚያው ክፍል ውስጥ ባለፈው ዓመት "ስሙን ሸፍናችሁ አንድ ገጽ አንብቡልኝ፣ የሱን በጠረኑ አውቀዋለሁ" ብዬ የፎከርኩ ሰው ነኝ። አንድ መቶ ስልሳ ገጽ አንብቤ ምንም አልሸተተኝም።

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ሮማን ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ሳቀች። ቀና ስትል ማስታወሻዋን አነሳችና "አስተማሪ፣ ብዙ ቦታ" ብላ ጮክ ብላ አነበበችው። አንዱ "ለካ ወጣት እያለ ይቀልድ ነበር፣ ሰውዬው በጎልማሳነቱ ነዋ ያኮረፈው!" አለ። አስተናጋጇ ምን እንደሆነ ለማየት መጣች፣ ለሷም ተነገራት።

እኔም ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን ሮማን እንባዋን እየጠረገች "ታዲያ ሌላ ደራሲ አላመጣሽማ!" ስትል ሳቄ ቆመ።

እውነቷን ነው። ሕጉ ሕግ ነው። ለአምስተኛ ጊዜ ያንኑ ሰውዬ ነው ያቀረብኩት። ቦታዬ ሄደ ማለት ነው። ሰው ፊት ላለቅስ ነው።

እና ምንም ሳልደብቅ ተናገርኩ።

"አላውቃትም ነበር" አልኩ። "ጋሽ ሃብቶም 'ታውቂያታለሽ' ሲሉኝ ዋሸሁ። ሌላ ደራሲ የማላነበው ስለማይጥመኝ አይደለም፣ ስለምፈራ ነው። መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ ቶርንተን የአክስቴ ልጅ ቤት እያለሁ ሁለት የሱ መጽሐፍ ብቻ ነበረኝ፤ ደጋግሜ አነበብኳቸው። አሁን ስለሱ የምለው ነገር ሞልቶኛል። እናንተ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ አስተማሪ የነበረ አለ። እኔ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ስለ ሌላ መጽሐፍ 'አንቺስ ምን ትያለሽ?' ስትሉኝ የማይሆን ነገር ብናገርስ?"

መልስ ሳልጠብቅ ቦርሳዬን አነሳሁ።

"ተቀመጪ" አሉኝ ጋሽ ሃብቶም። "እቤታችን ትግርኛ ነበር። እኔ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሳነብ ግማሹን ገምቼ ነው። ጀግናውና ወንድሙ ሁለት ሰው መሆናቸውን ያወቅኩት መጨረሻው ላይ፣ አንዱ ሌላውን ሲቀብረው ነው።"

እግዜር ይስጣቸው! ክፍሉ እንደገና በሳቅ ሞላ። በዚያው ላይ ደግሞ ኑዛዜ ተጀመረ። መሐንዲሱ ሁሉንም መጽሐፍ በኦዲዮ፣ በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚሰማው፤ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ ወፍ ይመስለዋል። አስተማሪ የነበረችው መጨረሻውን ሳታይ አትጀምርም። ሮማን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ያለፈውን ወር መጽሐፍ እንዳልጨረሰች ተናገረች። ማስታወሻ የምትይዘውም ሌላ ሰው የሚለውን ቀድታ ለመናገር ነው!

ለአስራ አንድ ዓመት አገጬን ከፍ አድርጌ የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ሲወርድ ይታወቀኝ ነበር። ይሄን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ሮማን ግን ሮማን ናት፣ ውሳኔ ካልተሰጠ ምግብ አይታዘዝም። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

"ሕጉ የሚለው ለአቅራቢዋ አዲስ የሆነ ደራሲ ይቅረብ ነው። ቲጂ ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለች?"

"አታውቀውም!" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

"እንግዲያው አዲስ ነው። ተቀብለናል።"

ከአስራ አንድ ዓመት ንባብ በኋላ ደራሲዬን እንደማላውቀው በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ቦታዬም አልሄደም! አስተናጋጇን አቅፌ ሳምኳት፤ እሷ ደግሞ ትዕዛዝ ልትቀበል ነበር የመጣችው።

ስንወጣ ጋሽ ሃብቶም ትራንኩን ከፈቱልኝ። እጄን ሰድጄ አንዱን አነሳሁ። "ይሄስ የማን ነው ጋሽ ሃብቶም?" አልኳቸው። ብርሃኑ እንዲያሳያቸው ራቅ አድርገው ገለጡት።

"የአንዲት ወጣት ነው። ገና አዲስ ጸሐፊ ናት" አሉኝ።

"ጥሩ ነው?"

"እኔ እንጃ ልጄ፣ አላነበብኩትም። አንቺ አንብቢና ንገሪኝ።"

እኔ! ለሳቸው!

እናንተስ? ሳታነቡት "ድሮ ነው ያነበብኩት" ያላችሁት መጽሐፍ ስንት ይሆናል? ኮሜንት ላይ አውጡት፣ የሚፈርድ ሰው የለም። ከቻላችሁም አንድ አንድ ደራሲ ጠቁሙኝ፤ ብቻ "መቼም ታውቂዋለሽ" እንዳትሉኝ።

እኔ እዚያው ፓርኪንግ ላይ መኪና ውስጥ ጀምሬው፣ አሁን የወጣቷ መጽሐፍ ገጽ አስራ አራት ላይ ነኝ። ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው እየተሰበሰበ ነው። ሰርግ ይሁን ቀብር ገና አልገባኝም፣ እና ደስ ብሎኛል!